በአንድ ሰዓት የምትጠፋው መኪና

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ዓመቱን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ሰይፈዲን ወንድሜ፣ ከሌላ ሰው ታሪክ ጋር እንዳይምታታብህ ብዬ ነው። ሻይህ ግን እንዳይቀዘቅዝ። ሱቁስ እንዴት ነው? ልጆቹስ?... ተመስገን። የጦር ኃይሎች ሻይ ቤቶች ደግነታቸው ጠረጴዛዎቻቸው መቀራረባቸው ነው፤ ሰው ሳይፈልግ ጎረቤቱን ይሰማል። ድምፅህን ቀንስ ትለኛለህ? ለምን? አጠገባችን ያሉት ሰው እንደሆነ ጋዜጣ እያነበቡ ነው። ከመጣን ጀምሮ አንዱን ገጽ ነው የያዙት... እንዲህ አጥብቆ የሚያነብ ሰው ብርቅ ነው።

ያኔ ፊዚክስ ማስተማሩን ትቼ ኮልፌ ውስጥ፣ ከእንጨት ሥራ ቤቶቹ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ለኮምፒውተር በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሬ ነበር። ታክሲዎች ከቀራንዮ ተነሥተው ጦር ኃይሎች ለመድረስ የሚሽቀዳደሙበት ጨዋታ ነው፤ ጉድጓዱም፣ ቁልቁለቱም፣ የፍሬኑ ጩኸትም እንደ እውነተኛው። የእኔ ድርሻ የመኪኖቹ እንቅስቃሴ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር መስማማቱን መመርመር ነበር። የሁላችን አለቃ ደግሞ... ስም ምን ያደርጋል? ስም የሚያስፈልገው ሥራው ለማይታወቅ ሰው ነው። የእርሳቸው ሥራ ይታወቃል።

ሃፊዛ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ጨዋታውን ቀኑን ሙሉ እየተጫወተች ስሕተት የምትለቅም። የሙከራ ጊዜዋ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለመሆኗ በአለቃችን ብዕር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ብላ በማለዳ ስለምትወጣ፣ ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ቀን ታዲያ ሁላችንም ስንገባ ጠብቃ፣ «መኪናዋ ጠፋች» አለችን። «እየነዳኋት፣ ዓይኔ እያየ፣ ከመንገዱ ላይ ጠፋች።»

አለቃችን እንደ ወጉ በአራት ሰዓት መጡ። በማለዳ መነሣት የዶሮ ሥራ ነው፤ ዶሮ ደግሞ ምን ኮምፒውተር ታውቃለች? ተቀመጡ፤ ነዱ፤ አልጠፋችም። «የኔ ልጅ፣ መኪና አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሹፌሩ ነው» አሏት። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ሥቄያለሁ፤ አልደብቅህም።

በሳምንቱ የድርጅቱ ባለቤት ለገዢዎች ቁርስ ጋብዘው፣ በማለዳ ጨዋታውን ሲያሳዩ መኪናዋ እንግዶቹ ፊት ጠፋች። ባለቤቱ ያን ዕለት ማሉ፤ የዚህ ስሕተት አባት ማን እንደሆነ የታወቀ ቀን፣ በዚያው ቀን ይሰናበታል። አለቃችንም እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ምን ያልነኩት ነገር አለ? የጎማውን ክብደት ለወጡ፣ ፍሬኑን አጠበቁ፣ በመጨረሻም የመሬትን ስበት ጥቂት ቀነሱ። አስበው እንጂ! ፈጣሪ ዓለምን ያጸናበትን ቁጥር አንድ ሰው ከምሳ በኋላ ሲያሻሽለው... ታክሲዎቹ እንደ ፊኛ እየተንሳፈፉ ቀራንዮን ተሻገሩ። መኪናዋ ግን በማግስቱ ጠፋች። ይህንን ድፍረት የት ታገኘዋለህ? እኔማ ፈሪ ስለሆንሁ ባሌስትራውን ብቻ ሳሰላ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ፤ አንዳች አላገኘሁም።

ሃፊዛ ስሌት ውስጥ አልገባችም። አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ገዛች፤ መኪናዋ በጠፋች ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች። አሥራ አንድ ጊዜ ጠፋች። አሥራ አንዱም ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ። ሌሎቻችን በዚያ ሰዓት ገና ሰልፍ ላይ ነን። ከዚያ በቀትር ተቀምጣ የኮምፒውተሩን ሰዓት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ላይ አደረገችው፤ እየነዳች ጠበቀች። መኪናዋ በጠራራ ፀሐይ ጠፋች!

ምክንያቱ እንዴት ያለ ነው መሰለህ። ኮምፒውተሩ መኪናዋ ምን ያህል እንደተጓዘች የሚያውቀው ያለፈውን ጊዜ በፍጥነቷ አባዝቶ ነው። አንድ ሊቅ ታዲያ ያለፈውን ጊዜ በጨዋታው ጥግ ላይ ከተሰቀለችው ከሐበሻ ሰዓት እንዲያነብ አዘዘው። አሥራ ሁለት ከሃምሳ ዘጠኝ ካለ በኋላ አንድ ሰዓት ይመጣል። ለእኔና ለአንተ ነጋ ማለት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ሄደ። በስድሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት አባዛው፤ ሰባት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ! ጦር ኃይሎች ልትደርስ የነበረች ታክሲ በቅጽበት ጋምቤላ ገባች። ተሳፋሪ ቢኖርባት ኖሮ ሒሳቡን ማን ይከፍል ነበር?

ደብተሩን ሐሙስ ዕለት አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ዓርብ ስብሰባ ነበር። እርሳቸው ተነሥተው፣ «ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ደረስሁበት» አሉ። እውነት ነው፤ በአራት ሰዓት የሚመጣ ሰው እንቅልፉን ካላጣ መቼ ያጣዋል? አጨበጨብን። ባለቤቱ «ይህን ስሕተት የጻፈው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «ከእኔ በፊት የነበሩ ሠራተኞች» አሉ። ሃፊዛ ወለሉን ታያለች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ አበው፤ ከጨዋ ደጃፍ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያየሁት... ሞፈሩ ብቻ መሰለህ? ቀንበሩም አብሮ ሄደ።

የሥራ ምዘናዋን ግን አምረው ጻፉላት፤ «ታታሪ ናት፤ የፊዚክስ ግንዛቤ ይጎድላታል» ብለው። የሙከራ ጊዜዋ ለሦስት ወር ተራዘመ። ሁለተኛውን ወር ሳትጨርስ ለቀቀች። እርሳቸውስ? እርሳቸው ሽልማት ተሸለሙ፤ ይገባቸዋል። የሰውን ድካም እንደ ራሱ ድካም የሚቆጥር አለቃ ከየት ይገኛል?

ያኔ ያላወቅሁትን ግን ባለፈው ወር አወቅሁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ። ሃፊዛን ቀራንዮ ፌርማታ ላይ አገኘኋት። ደብተሩን ከማስረከቧ በፊት አንድ ገጽ ቀድዳ አስቀርታ ኖሯል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን የትእዛዝ መስመር ማን መቼ እንደጻፈው ይመዘግባል፤ እሷም ያችን የሰዓት መስመር የጻፈውን ሰው ስም ከነቀኑ ገልብጣ ይዛ ነበር። በአለቃችን እጅ የተጻፈች ናት። «ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አልሽ?» አልኋት። «ባለቤቱ ምለው ነበር፣ ጋሼ፤ አለቃችን ደግሞ ሦስት ልጆች አሏቸው» አለችኝ። ታክሲዋ መጣች፤ ሄደች።

እንግዲህ አለቃችንን እንመርቃቸው፣ ሰይፈዲን፤ ሰውን በሌለበት መመረቅ ደግ ነው... ጎረቤታችን ግን ያችን የጋዜጣ ገጽ እስካሁን አልገለበጧትም። እግዚአብሔር ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው፤ ወንበራቸውን ያጽናላቸው፤ በሄዱበት ሁሉ ዝም የምትልላቸው ሃፊዛ አያሳጣቸው።