ያልተነካው ፍሬን

ካፒቴን ሹር የኤሌክትሪክ መኪናቸውን ገመድ ከቻርጅ ማድረጊያው ምሰሶ ሊነቅሉ ጎንበስ ባሉበት፣ ከኋላቸው "እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ሹር!" የሚል ድምፅ መጣ። አልሰሙም። ሲደገም ነው ዞር ያሉት። የጎረቤታቸው ልጅ ኢዱን ነበረች፤ የመኪና ምሕንድስና ተምራ፣ መኪና ሲጋጭ ሰው እንዴት እንደሚተርፍ በሚጠናበት ተቋም የምትሠራ ቀጭን ወጣት። እጇን በካፖርቷ ኪስ ከታ፣ እንዲያው ስታልፍ ያየቻቸው መስላ ቆማለች።

ዕለቱ የመጋቢት እሑድ ነው። በስኮርዳል ተራራ አናት ላይ የእረፍት ጎጆ ያለው ኖርዌያዊ ሁሉ በበረዶው ሲንሸራተት ሰንብቶ፣ በዚህ ሰዓት ጓዙን ሸክፎ ወለሉን ጠርጎ፣ ተከታትሎ በተራሮች መሐል ወደ ገባው የባሕር ሰርጥ፣ ወደ ፊዮርዱ ዳር ይወርዳል። ቁልቁለቱ ቀልድ አያውቅም። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ የጠቆረ ባሕር ነው። የጎጆ ባለቤቶቹ ማኅበር በዚያው ሳምንት አዳዲስ ምሰሶዎች ስላስተከለ፣ ታች ወርዶ ወረፋ መጠበቅ ያልፈለገ ሁሉ የመኪናውን ባትሪ ጢም አድርጎ ሞልቷል። ካፒቴን ሹርም ሞልተዋል። በነገር ሁሉ ሙሉ ሰው ናቸውና ባትሪያቸው ጎድሎ አይሄዱም።

"ጋሽ ሹር፣ አይቆጡኝና፣ ዓርብ ማታ ሲደርሱ ፍሬንዎ ሲያፏጭ ሰማሁት" አለች ኢዱን። "ማፏጨት እንኳ አይደለም፣ መፍጨት ነው።"

"የኔ ፍሬን?" ካፒቴኑ ቀና ብለው ሳቁ። ይህን ወሬ ሲጠብቁት የኖሩ ይመስላሉ። "የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ፍሬን የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም! ይህች መኪና ከተገዛች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እግሬን ከመርገጫው ሳነሳ ራሷ ትይዛለች፤ የያዘችበትንም ጉልበት ወደ ባትሪዋ ትመልሳለች። የአባትሽ የናፍጣ መኪና በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ሸራ ይበላ ነበር። የኔዋ ሸራ እንደተወለደ ነው።"

ይህን ንግግር ሥጋ ሻጩም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ ቄሱም በቃላቸው ይዘውታል። ካፒቴኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውና መኪና የሚያሻግረውን የፊዮርዱን ጀልባ ሲያዝዙ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሰው ጀልባ ሲያዝዝ ከኖረ፣ ቤቱ ገብቶም ማዘዙን ለመተው ይቸገራል።

"እንደተወለደ መሆኑን አይተውታል?" አለች ኢዱን።

"በጎማው ብረት ቀዳዳ በባትሪ መብራት አይቻለሁ። ወፍራም ነው፤ እንደ ዳቦ ቁራጭ። የቴክኒክ ምርመራውንም አልፏል።"

"መቼ?"

"ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የሚቀጥለው በግንቦት ነው።"

"ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት በረዶ ማቅለጫ ጨው በተነሰነሰበት መንገድ ላይ ነድተዋል።"

የካፒቴኑ ባለቤት እትዬ ቱሪድ ቦርሳቸውን አንግተው፣ አንዲት ብርቱካን በእጃቸው ይዘው ከጎጆው ወጡ። ጭቅጭቁን እንዳልሰማ ሰው መኪናው አጠገብ ቆሙ፤ ነገር ግን አልገቡም።

"ቱሪድም እንዳንቺ ድምፅ ሰማሁ ትለኛለች" አሉ ካፒቴኑ። "ገና ከመከር ጀምሮ። እኔ አንድም ነገር አልሰማሁም። ጆሮሽን ታይ ብዬ ሐኪም ዘንድ ላክኋት።"

"ታየሁ" አሉ እትዬ ቱሪድ። "ጆሮዬ ደህና ነው።"

ካፒቴኑ ይህን መልስ እንዳልሰሙ ሆነው ገመዱን መጠቅለል ያዙ። በእርግጥም አልሰሙት ይሆናል።

"ጋሽ ሹር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ኢዱን። "በጀልባው ላይ መልሕቅ ነበር አይደል? ስንት ጊዜ ጣላችሁት?"

"መልሕቅ? ለክፉ ቀን ነው እንጂ ማን በየዕለቱ ይጥላል?"

"ታዲያ ሰንሰለቱን ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ ትተዉት ነበር?"

"እንዴት ተደርጎ!" ካፒቴኑ ተቆጡ። "በየሳምንቱ እናወርደዋለን፣ እንስበዋለን፣ ቅባት እንቀባዋለን። ባሕር ላይ ያልተነካ ብረት ይዝጋል፤ የዛገ ሰንሰለት ደግሞ በፈለግሽው ቀን..."

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። የተማረ ሰው ሌላውን ለማሳመን ሲጣደፍ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ይህች ልጅ ግን አልተጣደፈችም።

"መኪና ሌላ ነው" አሉ ካፒቴኑ መለስ ብለው።

"ሌላ ከሆነ ደስ ይለኛል። እስቲ ይህን ሜዳ ይንዱትና እዚያ የቆሻሻ ገንዳው ጋ ሲደርሱ ፍሬን ይያዙ። ቀጥ ብላ ከቆመች እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እናንተም በሰላም ትወርዳላችሁ።"

"ተመልከች እንግዲህ!" ብለው ገቡ። "ቱሪድ፣ ግቢ!"

"እዚሁ ሆኜ አይሃለሁ" አሉ እትዬ ቱሪድ።

መኪናዋ በበረዶው ሜዳ ላይ ተንሸራታ ሄደች። ገንዳው ጋ ስትቃረብ ካፒቴኑ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን አነሡ። መኪናዋ አልያዘችም። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጉልበቷን የምታስቀምጥበት ስለሌላት ዝም ብላ ትሄዳለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታዛላቸው የኖረች መኪና ከዳቻቸው። ያን ጊዜ ፍሬኑን ረገጡ። ከሥር የድንጋይ ወፍጮ የሚመስል ድምፅ ተነሣ፤ ይህን እሳቸውም ሰሙት። መኪናዋ ወደ ግራ ጎተተች እንጂ አልቆመችም። ገንዳውን አልፋ፣ የመንገድ ጠራጊው የቆለለው በረዶ ውስጥ እስከ መብራቷ ተቀረቀረች።

ካፒቴን ሹር እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሡ ደርቀው ቀሩ። ከበረዶው ክምር ወዲያ የመንገዱ የመጀመሪያ መታጠፊያ ይታያል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ግን ምንም ነገር አይታይም፣ አየር ብቻ ነው። ኢዱን በሩን ከፍታ ክንዳቸውን ያዘች።

"አልቆመችም" አሉ። "ረግጫት ነበር እኮ! በሙሉ እግሬ ነው የረገጥኋት!"

"አይቻለሁ ጋሼ።"

"ሸራው ወፍራም ነው! በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

"እንግዲያው ፈትተን እንየው።"

ኢዱን ከራሷ መኪና ክሪክና ቁልፎች አመጣች። መኪናዋን ከክምሩ ወደ ኋላ ስበው፣ ለቀሩት ጎማዎች ታኮ አድርገው፣ አንዱን የፊት ጎማ አወጡ። ካፒቴኑ የእጅ መብራቱን ይዘው ተንበረከኩ። ዲስኩ፣ ያ ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ሳህን፣ ቡናማና ጎርበጥባጣ ሆኗል፤ ጠርዙ ተልጦ እንደ አሮጌ ግድግዳ ይፈረፈራል። መሐሉ ላይ ወርዱ ጣት የማያህል ቀለበት ብቻ ያበራል። ሸራው ዲስኩን የሚጨብጠው በዚያች ቀለበት ላይ ብቻ ነበር።

ኢዱን ሁለት ቡሎን ፈትታ ሸራውን መዘዘችና በካፒቴኑ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"ይኸው!" አሉ ካፒቴኑ፣ ድምፃቸው ትንሽ ነፍስ ዘርቶ። "ወፍራም አይደለም? አላልኩሽም?"

ይህን ብለው ለባለቤታቸው ሊያሳዩ ከፍ ሲያደርጉት፣ ወፍራሙ ሸራ ከተጣበቀበት ብረት ተላቆ በረዶው ላይ ወደቀ። በእጃቸው የቀረው በዝገት ያበጠ ባዶ ብረት ነው። ካፒቴኑ ብረቱን አዩ፣ መሬት የወደቀውን አዩ፣ ደግሞ ብረቱን አዩ።

"ያልተነካ ነገር አይደክምም ብዬ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"ዝገት ከኋላው ገብቶ ከብረቱ ለየው" አለች ኢዱን በቀስታ። "ውፍረቱ እንዳለ ነው። መያዣ ግን የለውም።"

የዚያን ዕለት ማንም በዚያች መኪና አልወረደም። ኢዱን በራሷ መኪና ልታወርዳቸው ተስማማች፤ አስቀድሞ ግን እትዬ ቱሪድ ዋፍል፣ ያን ፍርግርግ መሳይ ጣፋጭ ቂጣ፣ ጋግረው፣ የአገሩን ቡናማ አይብ ሸርፈው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ካፒቴኑ ሳይቀምሱ ተቀመጡ። የሚኮራበት ነገር በዓይኑ ፊት ሲፈርስ ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ መጀመሪያ ከፍርስራሹ የሚተርፈውን ፈለጉ።

"ሸራውን ብቻ እቀይራለሁ። ዲስኩን በብርጭቆ ወረቀት አሸዋለሁ።"

"ያ ጉድጓድና ጉብታ እኮ አዲሱን ሸራ በአንድ ወር ይበላዋል" አለች ኢዱን። "ሸራና ዲስክ ፊት ለፊት ተፋትገው የሚሠሩ ናቸው። አብረው ይገባሉ። ደግሞ የግራው ሲቀየር የቀኙም ይቀየራል፤ አለበለዚያ ቅድም እንዳየነው ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች።"

ካፒቴኑ ስልካቸውን አወጡና ገጽ በገጽ ገለጡ። ድንገት ስልኩን ዘረጉላት። የውድድር መኪና ዲስክ ነበር፤ ፊቱ ሁሉ የተበሳሳ፣ ሸራው ቀይ።

"እንዲህ ከሆነማ ይህን ነው የማስገባው! ከእንግዲህ የምጫወት መሰለሽ?"

ኢዱን ሳቋን ዋጠች። "ይህ ሸራ የሚይዘው እሳት እስኪሆን ሲግል ነው። የእርስዎ ፍሬን አይግልም፤ ቀዝቃዛ ነው ችግሩ። ቀዳዳዎቹም ጨው ይሞላሉ። የደነገጠ ሰው ከሁሉ የበረታውን ይመርጣል ጋሼ፤ መመረጥ ያለበት ግን ለሥራው የሚስማማው ነው።"

"የትኛው ነው የሚስማማው?"

"ፊቱ ለስላሳ፣ ጠርዙና መሐሉ ፀረ ዝገት ቅብ የተቀባ ዲስክ። ለዚችው መኪና ልክ የተሠራ፣ በብርድም ወዲያው የሚይዝ ሸራ። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ አይግዙ፤ ከታመነ መለዋወጫ ሻጭ የመኪናዋን ቁጥር ሰጥተው ያስመጡ። ሲገጠም ደግሞ ሸራው የሚንሸራተትበት ቦታ ከዝገት ይጸዳ፣ ቅባት ይቀባ። እሱ ከደረቀ አዲሱም ሸራ ተጣብቆ ይቀራል።"

"ከዚያ በኋላስ? ተመልሶ አይዝግም?"

"እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። መልሕቁን ምን ታደርጉት ነበር?"

ካፒቴን ሹር የመጀመሪያዋን ዋፍል አነሡ። "በየሳምንቱ እናወርደው ነበር" አሉ። "ማለት፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ መኪናዋ ራሷ እንዳትይዝ ማርሹን ነፃ አድርጌ ፍሬኑን ጠንከር አድርጌ እረግጣለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ።"

"ባትሪውንም እዚህ አናት ላይ ጢም አድርገው አይሙሉት። ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላልዎታል።"

ለፋሲካ ተመልሰው ሲመጡ መኪናዋ በጭነት መኪና ወርዳ ተጠግና፣ አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ገብቶላት ነበር። ካፒቴኑ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ "ባትሪህን እስከ አፉ አትሙላ! ፍሬንህን ተጠቀምበት!" ይሉ ነበር። ሥጋ ሻጩም ጥርስ ሐኪሙም ቄሱም ዘጠኝ ዓመት ሰምተው ከተሰላቹት ወሬ ስለተገላገሉ አዲሱን በደስታ አደመጡ። ብዙዎቹም ጎማቸውን አስፈትተው አሳዩ፤ ከእነሱም የሁለት ሰዎች ፍሬን እንደ ካፒቴኑ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ልጅ በሜዳ ላይ የጠየቀችው ጥያቄ ለስንት ቤተሰብ ደረሰ!

የመመለሻው ዕለት ሁለቱ ብቻቸውን ወረዱ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ካፒቴኑ ፍሬኑን ነካ አደረጉ፤ መኪናዋ ያለ ድምፅ፣ ቀጥ ብላ ተያዘች። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ፣ ገደሉ ከእትዬ ቱሪድ መስኮት ሥር ተከፍቶ ሳለ፣ የብርቱካን ሽታ መጣ። ባለቤታቸው ይልጡ ነበር።

"ዛሬ ምነው ቸኮልሽ? ክረምቱን ሙሉ ታች ባሕሩ ዳር ሳንደርስ አትልጪም ነበር እኮ። ለታች የምታቆዪው ይመስለኝ ነበር።"

"እጄ መች ነፃ ነበረ?" አሉ እትዬ ቱሪድ። "የበሩን እጀታ ይዤ ነበር የምወርደው።"

ካፒቴኑ መኪናዋን መንገዱ ዳር ወዳለው መቆሚያ አወጡና አቆሙ። አሁንም መኪናዋ ቀጥ አለች። እሳቸው ግን ያን ዕለት ሸራው ከእጃቸው ሲወድቅ ከደነገጡት ይልቅ ደነገጡ።

"ኢዱን ያን ቀን እንዲያው ስታልፍ አልነበረም ያገኘችኝ።"

"እኔ ነኝ የለመንኳት። እኔን ጆሮሽን ታይ አልከኝ፤ የተማረ ሰው ቢነግርህ ትሰማለህ ብዬ።"

"ቱሪድ፣ ፈርተሽ ነበር?"

"በየእሑዱ።"

"ታዲያ ለምን ከጎኔ ተቀመጥሽ? በአውቶቡስ አትወርጂም ነበር?"

እትዬ ቱሪድ እንደ ሞኝ ቆጥረው አዩዋቸው። "ብቻህን ልልቀቅህ?"

ካፒቴን ሹር ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ "ሰኞ ጆሮዬን እታያለሁ" አሉ። ባለቤታቸው ከብርቱካኗ ግማሹን ሰጧቸው። በልተው ሲጨርሱ ካፒቴኑ ከኋላ የሚመጣ መኪና አለመኖሩን አይተው፣ ቀስ ብለው ወደ መንገዱ ገቡ።