የዘጠኙ በራሪዎች ልብስ ጠባቂ፣ ወይዘሮ ኬዝያ ኮከር

የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን፣ የሃፍ ዳይ ሰፈር ጎረቤቶቻችን፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ልታስተዛዝኑን የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ስለ አክስቴ የማነበውን ጥቂት ቃል በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። እርሳቸው ረጅም ንግግር አይወዱም ነበርና ካስረዘምሁ ሳጥኑ ውስጥ ሆነውም ይቆጡኛል ብዬ እፈራለሁ።

ወይዘሮ ኬዝያ ኮከር ከአባታቸው ከመርከብ ጠጋኙ ከአቶ ጆሳያ ፋውልስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲላ ሌዊስ እ.ኤ.አ. በ1921 በባተርስት፣ ዛሬ ባንጁል በምንላት ከተማችን ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረው፣ እናታቸው በመታመማቸው ትምህርቱን ትተው የእናትየውን የልብስ አጠባ ሥራ በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ተረከቡ። ከእናታቸው የወረሱት አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ የእንጨት ገንዳ እና አንድ ደንብ ነበር። ደንቡም «እጄ የገባ ልብስ ሳይተኮስ ከደጄ አይወጣም» የሚል ሲሆን፣ ይህንን ደንብ አገረ ገዢ ይምጣ ጳጳስ ማንም አላስጣሳቸውም።

በ1940 ከጀልባ አናጢው ከአቶ ሳሙኤል ኮከር ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በዚያው ዘመን ጦርነቱ እየበረታ ሄዶ፣ ውሃ ላይ የሚያርፉት ታላላቅ የጦር አውሮፕላኖች በወንዛችን አፍ ሲሰፍሩ፣ የአንዱ አውሮፕላን ዘጠኝ በራሪዎች ልብሳቸውን ለአክስቴ ይሰጡ ጀመር። ልብሱ እንዳይቀላቀል አክስቴ በየአንገትጌው ውስጥ በቀይ ክር ምልክት ያደርጉ ነበር፤ ለአብራሪው አንድ ስፌት፣ ለቀጣዩ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ። ዘጠኝ ስፌት የነበረው ዊልፍሬድ ቴት የሚባል፣ በሙት ልጆች ማሳደጊያ ያደገ የሃያ ዓመት የመትረየስ ተኳሽ ነበር።

በኅዳር 1943 አንድ ሐሙስ ጠዋት ይህ ዊልፍሬድ ሸሚዙን ሊወስድ መጣ። ሸሚዙ ገና አልደረቀም ነበር። «እንዲሁ ይስጡኝ ወይዘሮ ኮከር፣ እላዬ ላይ ይደርቃል» ቢላቸው፣ «እርጥብ አልብሳ ሰደደችው ልታሰኘኝ ነው? ነገ ናና ተተኩሶ ትወስዳለህ» አሉት። እርሱም ስቆ፣ ከትናንት የተረፈውን የዓሣ ሩዝ ቆሞ በልቶ ሄደ። አውሮፕላኑም በዚያው ቀን መርከቦችን ሊያጅብ ወጥቶ አልተመለሰም። አቶ ሳሙኤል ከሌሎች ጀልበኞች ጋር ሦስት ቀን ባሕሩን ቢያስሱ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር የሚገጠም አንድ የተሰበረ ተንሳፋፊ ብቻ አገኙ።

አክስቴ የዘጠኙንም ልብስ ተኩሰው ወደ ጦር ሰፈሩ ቢወስዱ፣ የዕቃ ቤቱ ሰው የሟቾቹ ንብረት ተልኮ መዝገቡ መዘጋቱን ነግሮ «ያንቺ ነው፣ ሽጪው» አላቸው። እርሳቸው ግን ወደ ቤት መልሰው፣ ባለቤታቸው በሠሩላቸው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። በየዓመቱም ዝናብ ሳይገባ አውጥተው አጥበው፣ ስታርች አድርገው፣ ተኩሰው ይመልሱት ነበር። ጎረቤት «ኬዝያ፣ ደንበኞችሽ ዘንድሮም ቀሩ?» ብላ ስትተርባቸው፣ «የኔ ደንበኛ ቢዘገይ አንቺ ደጅ አይቆምብሽ» ይሉ ነበር። በ1951 አቶ ሳሙኤል ዐርፈው ችግር በጸናባቸው ጊዜ ለልጆቻቸው ልብስ የሰፉት የራሳቸውን የሙሽርነት ቀሚስ ቀድደው ነው እንጂ ሣጥኑን አልነኩም። ልጃቸው ጆሳያ በዚህ ለዓመታት አኩርፎ ነበር፤ ዛሬ የአስከሬን ሳጥናቸውን ከተሸከሙት የፊተኛው እርሱ ነው።

እኔ መምህር ከሆንሁ በኋላ የሟቾቹን ዘመዶች የምናፈላልግበትን ደብዳቤ አጽፈውኛል። ጽሕፈቱ የእኔ፣ ቁጣው የእርሳቸው ነበር። መልሱ አንድ አንድ እያለ መጣና በሃያ ዓመት ውስጥ ስምንቱ ጥቅል ለባለቤቶቹ ደረሰ። የአብራሪው እኅት ወይዘሮ ማርጆሪ ከአውስትራሊያ ድረስ መጥተው ሸሚዙን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ «ባሕሩ ሁሉን የወሰደው ይመስለኝ ነበር» ሲሉ፣ በየክረምቱ መግቢያ ውሃ ያስቀዱኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የዊልፍሬድን ግን የሚቀበል አልተገኘም፤ ማሳደጊያውም ፈርሶ ነበር። አንድ ጊዜ «አልገደልሁትም፤ ግን የለመነኝን ከለከልሁት» ብለውኝ አልቅሰዋል። እኔም አብሬ አለቀስሁ።

ባለፈው ዓመት ግማሽ አካላቸው ዝሎ አልጋ ላይ ዋሉ። ዘንድሮ ግንቦት ላይ የልጅ ልጃቸውን ሆዝያናን ጠርተው ያንን ሸሚዝ አልጋቸው አጠገብ አስተኮሷት፤ አንገትጌው አልተስተካከለም ብለውም ሦስት ጊዜ መለሷት። በአራተኛው «ይበቃል፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው፣ በሳምንቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1999፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው በሰላም ዐረፉ።

ወይዘሮ ኬዝያ ልጆቻቸውን አደላይንን፣ ጆሳያንና አቤኔዜርን፣ ዐሥራ አንድ የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ደብዳቤ ጸሐፊያቸውን እኔን ትተው አልፈዋል። እንዲህ ያለች ሴት በመካከላችን ስላኖረልን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ላስታመማችኋቸውም ሁሉ እርሱ ይክፈላችሁ። አደራ የማይጠፋበት ጌታ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ያሳርፍልን።

ሸሚዙን በቃላቸው መሠረት በቀኝ እጃቸው አስይዘናቸዋል። ዊልፍሬድን ነገ ና ብለውት ነበር። ዛሬ ከደጃቸው ሲወጡ ሸሚዙም ተተኩሶ አብሯቸው ወጣ።