ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ትግሉ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ለጡረታ መሸኛዬ ድንኳኑን ለተከላችሁልኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ስትከትፉ ለዋላችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጋቢውንም ወድጄዋለሁ። ትናንት ካርድ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ አይቼው ነበርና፣ ቅድም አዲስ ነገር እንዳየ ሰው ስደነቅ ለታዘባችሁኝ ይቅርታ።

አቶ ትግሉ ሲያስተዋውቁኝ ምን አሉ? «እትዬ አስካለች በጉሮሮ ሕመም እየተሠቃዩ እንኳ ከመድኃኒት ማደያው መስኮት አልተለዩም።» አጨበጨባችሁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ አፍሬ ነው።

ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም።

አዎ፣ አራት ዓመት ሙሉ ማርና ዝንጅብል ስታመጡልኝ ኖራችኋል። የላቦራቶሪው ሳሚ ሦስት ጊዜ «እትዬ፣ አክታዎን ልመርምረው» ብሎኛል። ሳሚ፣ ለአሳቢነትህ አመሰግናለሁ። ማሩን ግን በልቼዋለሁ፤ የሚመለስ ነገር የለም።

ታዲያ ድምፄ የት ሄደ? ዛሬ እሱን ልንገራችሁና በሰላም ልሂድ።

የቆያችሁ የድሮውን ድምፄን ታስታውሳላችሁ። አዳራሹ ሰው ይሞላል፣ መስኮቷ ጠባብ ናት። ስም እጠራለሁ፣ ከረጢቱን ከፍ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ማስረዳት ነው። «ይሄ የእከክ ነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይቀባ!» «ይሄ የድብርት ነው፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ተሻለኝ ብለህ እንዳታቆም!» በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። እኔ ትጋት መስሎኝ ነው። ሽማግሌው ይስማ፣ ከሃላሌ ድረስ የመጣችው እናት ሳይገባት እንዳትመለስ እያልኩ።

የድብርት መድኃኒት የሚወስዱት ከረጢቱን በእጃቸው ሸፍነው ቶሎ ይወጡ ነበር። አንዳንዶቹ በሁለተኛው ወር አይመጡም። መዝገቡ ላይ «አልተመለሰም» ብዬ እጽፍና «ሰው ለራሱ ጤና እንዲህ ቸልተኛ ይሁን?» እላለሁ። አንድም ቀን ጥፋቱ የእኔ ይሆን እንዴ ብዬ አላሰብኩም።

ከአራት ዓመት በፊት እኔው ታመምኩ። ማን ሞተብዎት ትሉኝ ይሆናል። ማንም። ልጆቼ ደኅና፣ ባለቤቴ ሶርሳ ደኅና፣ ላማችን እንኳ በዚያው ሰሞን ወልዳ ነበር። ግን ጠዋት ጫማዬን ለማድረግ አልጋው ጠርዝ ላይ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። ምግብ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ከመዝሙር ልምምድ ቀረሁ። ሰው ሲያወራኝ አፉን አያለሁ እንጂ አልሰማም።

አንድ ቀን ሃያ ፍሬ ኪኒን ለመቁጠር አምስት ጊዜ ከአንድ ጀመርኩ። የአእምሮ ጤና ነርሳችን ናዝራዊት አጠገቤ ቆማ ኖሯል። የኪኒኑን ሳህን ወስዳ ቆጠረችልኝ፤ ከዚያ «እትዬ፣ ከሥራ በኋላ እኔ ክፍል ብቅ ይበሉ» አለችኝ።

አስቀመጠችኝ፣ ጠየቀችኝ፣ ሳትቸኩል ሰማችኝ። «ይሄ ድብርት ነው» አለች።

«መድኃኒት ልትሰጪኝ ነው?»

«ቀለል ያለ ቢሆን በምክክር ብቻ እንጀምር እል ነበር። ይሄ ግን አምስት ወር አልፎታል፤ እንቅልፍዎንም ምግብዎንም ወስዷል። እኔ ከምክክሩ ጋር መድኃኒቱን እመክራለሁ። የሚወስኑት ግን እርስዎ ነዎት።»

እኔ! ያንን መድኃኒት እኮ ዐይኔን ጨፍኜ ከመደርደሪያው አነሳዋለሁ። ጥቅሙን፣ ጉዳቱን፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድ ስናገር ነው የኖርኩት። ታዲያ ማወቄ ለምን አልረዳኝም? ፈራሁ። ሌላ ሰው ያደርገኝ ይሆን አልኩ። ዕድሜ ልኬን ልውጥ ነው አልኩ። የቤተ ክርስቲያን እህቶቼ «ጸሎቷ አነሰ» ይሉኛል አልኩ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አስፈራኝ፤ ስሜ እዚያ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ነው፣ መዝገቡን ደግሞ ማደያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ሰብለ በየቀኑ ትገልጠዋለች። ሰብለ፣ ካንቺ ምንም ክፉ አይቼ አይደለም። እኔው በሰው ስም ላይ ምን ስል እንደኖርኩ ስለማውቅ ነው።

ማዘዣውን ይዤ የት ብሄድ ጥሩ ነው? ቦዲቲ! የሶዶ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ በሚኒባስ ሄድኩ። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ደረሰ። እዚያ ያለችው ልጅ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ በሙሉ ድምፅዋ «እናቴ፣ ይሄ የድብርት ነው፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ!» አለችኝ።

ቃል በቃል የእኔ ንግግር ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከረጢቱን በእጄ ሸፍኜ ዞር ስል ከኋላዬ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ከእኛው ጤና ጣቢያ አንድ ሰው፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ የታጠፈ ማዘዣ ይዞ ቆሟል።

«እትዬ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ገበያ መጥቼ ነው። አንተስ?»

«እኔም ገበያ።»

ገበያ የሚቆምበት ቀን አልነበረም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ማን እንደሆነ አልናገርም። ባለፈው ሳምንት አስፈቅጄዋለሁ፤ «ታሪኩን ይናገሩ፣ ስሜን ይተዉት» ብሎኛል። ዛሬ ባርኔጣ አድርጋችሁ የመጣችሁ አትሳቀቁ፤ እሱ ዛሬ አላደረገም።

ስንመለስ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማዘዣውን ለልጅቷ ሳይሰጣት ነው የወጣው። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይወስዱታል?» አለኝ።

«አላውቅም። አንተስ?»

«ሦስት ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ሱስ ይሆንብሃል ይሉኛል።»

ሥራዬ ነውና መለስኩለት። ሱስ የሚያስይዝ ዓይነት እንዳልሆነ፣ ግን በአንድ ጊዜ እንደማይቋረጥ ነገርኩት። ለውጡ እስኪታይ ሁለትም አራትም ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚወስድ። መጀመሪያ ላይ ሊያቅለሸልሽ እንደሚችል፣ ከባሰበት ወይም ክፉ ሐሳብ ከመጣበት ሳይውል ሳያድር ለናዝራዊት እንዲነግራት። ሁሉም ሰው ላይወስደው እንደሚችል፣ በምክክር ብቻ የሚድን ሰው እንዳለም ነገርኩት። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ቀስ ብዬ ነው ያወራሁት። ለሰው መድኃኒት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳስረዳ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እሱ ብቻ ሳይሆን እኔም ሰማሁት።

በማግስቱ ጠዋት ጸልዬ ዋጥኩት። ሶርሳ ውኃውን አቀበለኝ።

ባለ ባርኔጣው ግን ናዝራዊትን በድጋሚ አማክሮ በምክክሩ ብቻ ጀመረ። የእሱ ቀለል ያለ ስለነበር ተስማማችለት፤ ደግሞም ዳነ። እኔ በኪኒኑም በምክክሩም ዳንኩ። ማናችንም ሌላውን አልነቀፍንም።

መጀመሪያ ላይ ግን ቀላል አልነበረም። «ሁለት ሳምንት ይታገሡ» ብዬ ለስንት ሰው ተናግሬ ነበር! ያኔ ነው ሁለት ሳምንት ምን ያህል እንደሚረዝም ያወቅኩት። አቅለሸለሸኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ልጥለውም ቃጣኝ። በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ምሳ ላይ ቁርጥ በዳጣ እየበላን «ዛሬስ ዳጣው በዝቷል፣ አቃጠለኝ» አልኩ። ሶርሳ መብላቱን አቁሞ አየኝ። «ምግብ ላይ አቃቂር ካወጣሽ ስንት ጊዜሽ» ብሎ ዐይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ለራሴም ገረመኝ።

ከቦዲቲ በተመለስኩ ማግስት ጀምሮ መስኮቷ ላይ ጮኼ አላውቅም። እናንተ ጉሮሮዋ ነው አላችሁ፤ እኔም ዝም አልኩ። መስኮቷ ፊት ወለሉ ላይ ያለውን ቢጫ መስመርስ ማን የቀባው ይመስላችኋል? ለኮሮና ነው የምትሉ አላችሁ። እኔ ነኝ፤ የሚቀጥለው ተረኛ ከዚያ ወዲህ እንዳይጠጋ። አሁን ሰዎቹ በሁለተኛው ወር ይመጣሉ፣ በሦስተኛውም ይመጣሉ። ሁሉም አይደሉም። ብዙዎቹ ግን ይመጣሉ።

እኔ ከዓመት በኋላ በናዝራዊት ምክር ቀስ በቀስ ቀንሼ አቁሜ ነበር። ዓምና ተመልሶ መጣብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ውሳኔ አልከበደኝም። ግን ይሄን ሁሉ እያወቅኩ፣ እስካለፈው ወር ድረስ መድኃኒቴን የማወጣው ከቦዲቲ ነበር። «ቦዲቲ ዘመድ አለዎት?» ስትሉኝ «አዎ» ስል ኖሬአለሁ። ለሌላው መስመር አስምሬ ራሴ ተደብቄ ቀረሁ።

አሁን ተናገርኩት። እንዴት እንደቀለለኝ ብታውቁ! ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ እንደዛሬ ቀሎኝ አያውቅም።

ሰብለ፣ የመስኮቷ ቁልፍ ይኸውልሽ። አደራዬ አንድ ብቻ ነው። ድምፅሽ ያምራል፤ ለመዝሙር አቆዪው።

ወገኖቼ፣ እጃችሁ ይባረክ። የምታክሟቸው ይዳኑላችሁ። ናዝራዊት፣ እንደሰማሽኝ የሚሰማሽ ሰው አይጥፋብሽ። ባለ ባርኔጣው ወንድሜ፣ ጤናህ ይዝለቅልህ። ከመካከላችሁ ማዘዣ በኪሱ ይዞ የሚዞር ካለ፣ መውሰዱንም አለመውሰዱንም ብቻውን አይወስን፤ ቤቴን ታውቁታላችሁ፣ ኑ። በቤታችን ቋንቋ ልመርቃችሁ፤ ጦሳይ ኢንተና አንጆ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ።

ሰብለ፣ ነገ ጠዋት ማዘዣዬን ይዤ እመጣለሁ። ስሜን መዝገቡ ላይ ጻፊው። ተራዬ እስኪደርስ ቢጫው መስመር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።