ለቅሶ ቤት የሄደው የገንዳ ሽፋን

ቢሾፍቱ፣ ሰኔ ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ሰይፈና ሚስቱ ትርንጎ በጓሯቸው የመዋኛ ገንዳ ዳር ቆመዋል፤ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ እናታቸው የሞቱባቸው ጎረቤት፣ የጋሽ ዋቅጅራ ቤት ነው።

ትርንጎ፦ ሂድና አምጣልኝ እኮ ነው የምልህ! ውሃው በረዶ ሆኗል።

ሰይፈ፦ ለቅሶ ቤት ገብቼ "ሽፋኔን መልሱ" ልበል?

ትርንጎ፦ ጉልበቴስ? ሐኪሙ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ተራመጂ ብሎኛል። ያንን አረፋ አረፋ ያለበት የላስቲክ ሽፋን የገዛነው ፀሐይ ውሃውን እንድታሞቅበት ነው እንጂ ድንኳን እንዲሆን ነው?

ሰይፈ፦ የእድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ነበር። ዝናቡ ደግሞ ድንገት መጣ። ሰው ከሚበሰብስ ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ መስጠትህን መቼ ጠላሁ? እንዴት እንደሰቀሉት አይተሃል ግን?

ሰይፈ፦ አላየሁም።

ትርንጎ፦ አረፋ አረፋውን ወደ ላይ አድርገው በሚስማር መትተውታል። ፀሐይ ብቅ ስትል ከሥሩ ያለው ሰው ይቀቀላል። ለቅሶ የመጡት እትዬ ጫልቱ ጋቢያቸውን አውልቀው እያራገቡ ነው የሚያለቅሱት።

ሰይፈ፦ ታዲያ አረፋው ወደ ታች ነው አትያቸውም?

ትርንጎ፦ "እግዜር ያጥናችሁ፣ ገልብጡት" ልበል?

ሰይፈ፦ አየሽ፣ አንቺም አፍረሻል።

ትርንጎ፦ እኔ ያፈርኩት በሌላ ነው። ሰዉ ሁሉ "ሰይፈስ?" ሲለኝ "አሞት ተኝቷል" እያልኩ ዋልኩ። አሞሃል?

ሰይፈ፦ አላመመኝም።

ትርንጎ፦ ታዲያ ከቀብር ለምን ቀረህ?

ሰይፈ፦ ተይኝ፣ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ አልተውህም።

ሰይፈ፦ እናታቸው ያረፉ ለታ አንቺ አልነበርሽም። ከጓደኞቼ ጋር ውሃ ውስጥ ነበርን። ዘፈን ከፍተናል። ጋሽ ዋቅጅራ ቆርቆሮውን ደበደቡ።

ትርንጎ፦ እሺ?

ሰይፈ፦ ቀንሱ ሊሉን መስሎኝ የባሰ ከፍ አደረግሁት።

ትርንጎ፦ ወይ ውርደት!

ሰይፈ፦ እናቴ አረፈች ሊሉኝ ኖሯል። ዘፈኑ ሲያልቅ ነው ለቅሶውን የሰማነው። ጓደኞቼ ልብሳቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ዝናቡ ሲጀምር ሽፋኑን ጠቅልዬ በአጥር ላይ ወረወርኩላቸው። ፊቴን አላሳየሁም።

ትርንጎ፦ ሳታጥበው?

ሰይፈ፦ ሳላጥበው።

ትርንጎ፦ ለካ ለዚህ ነው ቄሱ ራስ ላይ የበሰበሰ ቅጠል ሲረግፍ የነበረው!

ሰይፈ፦ አትሳቂብኝ። በምን ዓይኔ ልያቸው? ተይው፣ ሌላ እገዛልሻለሁ።

ትርንጎ፦ ዛሬ ስወጣ ጋሽ ዋቅጅራ እጄን ያዙኝ።

ሰይፈ፦ ስለ ዘፈኑ ነገሩሽ?

ትርንጎ፦ ስለ ዘፈኑ ምንም አላሉም።

ሰይፈ፦ ታዲያ ምን አሉሽ?

ትርንጎ፦ "ሽፋኑን ልኮልናል። እሱ መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ።

ሰይፈ ጫማውን ቀይሮ ጎረቤት ሄደ፤ እስኪመሽም ከሽፋኑ ሥር ተቀመጠ።