ከኩርባው ውጭ በኩል

ከአውቶቡስ ተራ በተሳፈርንባት ሰይቼንቶ ታክሲ እኔ ከፊት ነኝ። ከኋላዬ አንዲት ጨርቅ ነጋዴና እጃቸው ግራሶ የጠጣ ሸምገል ያሉ መካኒክ ስለ እሑዱ የመኪና ውድድር ያወራሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ልጆቼን ይዤ መጨረሻው መስመር ጋ ልቀመጥ ነው።»

«እዚያማ የምታዪው የመኳንንቱን ባርኔጣ ነው። ኩርባው ጋ ሂጂ።»

«ኩርባው አያስፈራም?»

«ከውስጥ በኩል ሁኚ። መኪና መታጠፍ ሲያቅተው የሚወጣው ወደ ውጭ ነው።»

«እርስዎስ የት ነው የሚቀመጡት?»

«እኔማ ከውጭ በኩል ነኝ። ሚስቴንም ልጆቼንም ይዤ።»

«ምነው ጋሼ፣ አሁን ወደ ውጭ ነው የሚወጣው አላሉኝም?»

«ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ደንበኞቼ በሙሉ እዚያ ናቸው፤ የት እንደተቀመጥኩ ያያሉ። የገዛ እጄን ሥራ ከሸሸሁ ነገ ማን መኪናውን አምኖ ይሰጠኛል?»

«ስንት መኪና ነው የሚወዳደረው?»

«ዐሥራ አንድ።»

«የስንቱን ፍሬን ሠሩ?»

«የአንዱን» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «የሚቀድመውን።»

ታክሲዋ ተክለ ሃይማኖት ጋ ስትታጠፍ ዓይኔን ከሾፌሩ እግር ላይ መንቀል አቃተኝ።