ወጪ ቁጥር የሌለው ማስጠንቀቂያ

አንድ ረፋድ ላይ በአንድ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ተገናኙ። ወደ ታች የሚወርዱት ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ። በሥራ ዘመናቸው በሦስት ቅጂ ያልቀረበ ወረቀት አላይም ስለሚሉ ሰፈርተኛው «ጋሼ ሦስት ቅጂ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን አይጠሉትም። ወደ ላይ የምትወጣው ደግሞ በሙያ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ጥገና የምታስተምር የላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ነበረች። ሽማግሌው በሟች ሚስታቸው የሱፍ ሻል የተጠቀለለ ነገር እንደ ታመመ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«ጋሼ፣ ምን ተሸክመው ነው? ላግዝዎት?»

«ተይኝ ልጄ፣ ጊዜ የለኝም። ኮምፒውተሩ ታሟል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ባንክ ደርሼ ለመድኃኒቱ ካልከፈልኩ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

«ማን አለ?»

«ራሱ ነዋ። በቀይ ጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ አስጠንቅቆኛል።»

መምህሯ መንገድ አልለቀቀችም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው። መጀመሪያ ልየው።»

ሽማግሌው ቅር እያላቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያስጨነቃቸው የኮምፒውተሩ ዋጋ አልነበረም። ሚስታቸው አስተማሪ ነበሩ፤ በመጨረሻው ዓመታቸው አንድ የሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እያነበቡ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በድምፅ ቀድተውታል። አርባ ምዕራፍ ነው፤ ያለውም በዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅጂውን እየጠበቀ ነው። ሽማግሌው ግን ከቀብሩ ወዲህ አንዱንም አልከፈቱትም።

ጠረጴዛው ላይ ሻሉ ተገለጠ፤ ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ጋሻ የተሣለበት ቀይ መስኮት ብቅ አለ፤ ሥሩ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። «214 ቫይረሶች ተገኝተዋል» ይላል።

«ይኸውልሽ» አሉ። «ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ማስጠንቀቂያ ንቄ አላውቅም። እናንተ ግን ሁሉን ነገር ታቃልላላችሁ።»

«አላቃልልም፤ በሙያዎ ልጠይቅዎት። መዝገብ ቤት ሳሉ ደብዳቤ ቢመጣልዎት፤ ወጪ ቁጥር የለውም፣ ላኪው አይታወቅም፣ የፈረመበትም የለም። ‹እስከ እኩለ ቀን ካልከፈልክ ፋይሎችህን አቃጥላለሁ› ይላል። ገቢ አድርገው ይመዘግቡታል?»

«ላመጣው ሰው እዚያው በር ላይ እመልስለታለሁ።»

«ማኅተም ቢኖረውስ?»

«ማኅተም ማንም ያስቀርጻል» አሉና ቀዩን መስኮት እንደገና አዩት። ቀጥለው ግን፣ «ይህ ደብዳቤ አይደለም፤ መርምሮ ያገኘው ነው» አሉ።

«ይህን መርማሪ ማን ጠራው?»

«ማንም። ኢንተርኔት ላይ ቅጂ እንዴት እንደሚሠራ ሳነብ ድንገት መጥቶ ‹ኮምፒውተርህ ታሟል፣ ልመርምረው?› አለኝ። እሺ አልኩ።»

«የድሮው ጠባቂ ፕሮግራምስ?»

«ሁለት ጠባቂ አብሮ አይሠራም፣ አጥፋው አለኝ። አጠፋሁት።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ዘበኛውን አሰናብተው ሌባውን በር ላይ አቆሙት ማለት ነው።»

«አንቺ ትቀልጃለሽ፤ እኔ ግን በየቀኑ መዝግቤዋለሁ» ብለው መስመር የተሰመረበት ደብተር ዘረጉላት። ቀን፣ የምርመራ ሰዓት፣ የተገኘ ቫይረስ፣ የፈጀው ጊዜ፤ ሁሉም በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። መምህሯ ጣቷን በዓምዱ ላይ አወረደች።

«ሰኞ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። ማክሰኞም፣ ረቡዕም ያው። ሐሙስ ላይ ምልክት አድርገዋል፤ ምን ነበር ያስመረመሩት?»

«ከሱቅ የገዛሁትን አዲስ ፍላሽ። ለብቻው።»

«ምን ነበረበት?»

«ምንም። ከማሸጊያው ያን ጊዜ ነው ያወጣሁት።»

«ስንት ተገኘበት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው የገዛ ጽሑፋቸውን አዩ። «ሁለት መቶ ዐሥራ አራት» አሉ ቀስ ብለው። እጃቸው ደብተሩ ላይ ቀረ። «በአንድ ደቂቃ ነው የጨረሰው። አርባውንም ምዕራፍ በአንድ ደቂቃ፣ ባዶውንም በአንድ ደቂቃ።»

በስግብግብነቱ በተታለለ ሰው ሰዎች ይስቃሉ። ይህ ሌባ ግን የሚያጠምደው ጠንቃቃውን፣ ታዛዡን፣ የሚወደው ነገር ያለውን ሰው ነው። ሐኪም መስሎ ይገባል፤ ጤነኛውን ታመሃል ይለዋል፤ ራሱ ለፈጠረው በሽታ መድኃኒት ይሸጥለታል። ለዚህ ሥራ ቆንጆ ስም ማውጣት አያስፈልግም። ዘረፋ ነው።

«የካርድ ቁጥርዎን ሰጥተውታል?»

«ገና ነኝ።»

«ሰጥተው ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ ባንክ ደውለን ካርዱን እናዘጋ ነበር። አሁን ኢንተርኔቱን እንቁረጥ።»

«መስኮቱን ልዝጋው?»

«አይንኩት። እዚያ ላይ ‹ዝጋ›ም ‹እሺ›ም የአንድ ወጥመድ ሁለት በር ሊሆኑ ይችላሉ።»

ኮምፒውተሩን አጠፋችና በሴፍ ሞድ አስነሣችው፤ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ እንዲነሣ ማለት ነው። ቀዩ መስኮት አልመጣም። መጀመሪያ አርባውን ምዕራፍ ከቤቷ ባመጣችው ዲስክ ላይ ቀዳች። ከዚያ የማይታወቀውን ፕሮግራም ከዝርዝሩ ፈልጋ ነቀለችው፤ ከራሷ ኮምፒውተር በፍላሽ ባመጣችው እውነተኛ ማጽጃም ፍተሻ አስጀመረች። ሽማግሌው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ነበር። ስድስት ሰዓት ሞላ። አለፈ። ፍተሻው ገና ሩቡን አልጨረሰም።

«እውነተኛ መርማሪ እንዲህ ይዘገያል» አለች። «ሲጨርስ የድሮውን ዘበኛ ወደ ሥራው እንመልሳለን፤ የይለፍ ቃልዎንም ከእኔ ኮምፒውተር ላይ እንቀይራለን። ግን ጋሼ ሦስት ቅጂ፣ አይቆጡኝና፣ ይህ ስንት ቅጂ ነበረው?»

«አንድ።»

«እርስዎ? አንድ ቅጂ ብቻ?»

«ለመቅዳት ከፍቶ መስማት የሚያስፈልግ መስሎኝ ነበር» አሉ።

መምህሯ ቀልዷን ተወች። «ያልተሞከረ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ጥቂት ልክፈተው?» አለች። ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የረጋ የሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «ምዕራፍ አንድ። ውኃ እና ጥቅሙ።»

«ይበቃል» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ይሠራል።»

በማግስቱ በሕንፃው መግቢያ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው። «ለነዋሪዎች በሙሉ» ይላል። «ሳትጠሩት መጥቶ ኮምፒውተራችሁ ታሟል የሚል፣ የሚያጣድፍና ለፈውሱ ክፍያ የሚጠይቅ መስኮት ሌባ ነው። አትንኩት፤ ኢንተርኔቱን ቁረጡ፤ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። የምትወዱትን ነገር በአንድ ቅጂ አታስቀምጡ፤ ይህን የሚጽፍላችሁ ያን ስሕተት የሠራ ሰው ነው። የተታለለ አይፈር፤ ያታለለ ይፈር።»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ቀይ መስኮት ምድር ቤት ባለችው ልብስ ሰፊ ኮምፒውተር ላይ መጣ። ወረቀቱን አንብባ ስለነበር ኢንተርኔቷን ቆርጣ መምህሯን ጠራች፤ የደንበኞቿ ልክና ንድፍ ሁሉ ተረፈላት።

በወረቀቱ ግርጌ «ግልባጭ፦ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ከአርባ ምዕራፍ ጋር» የሚል መስመር ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን የለጠፉ ዕለት የአርባውን ምዕራፍ ቅጂ በገዛ እጃቸው አድርሰው አስፈረሙ። ሁለተኛውን መምህሯ ዘንድ በአደራ አስቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገብተው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉና ሦስተኛውን ራሳቸው ከፈቱ። ምዕራፍ አንድ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ይበቃል አላሉም።