አራት ሺህ ማኅበርተኛ

እንዳትስቁብኝ። ሞጣ ተከራይቼ ስኖር፣ ስለ አለባበስና ስለ ቤት አያያዝ የምጽፍበት የፌስቡክ ገጽ ነበረኝ። አራት ሺህ ሴቶች እንደሚከታተሉኝ ለአከራዬ ለእትዬ ጥሩዬ ስነግራቸው የጽዋ ማኅበር መሰላቸው። «ታዲያ ተራሽ መቼ ነው?» አሉኝ። ማስረዳቱ ከበደኝና «እሑድ» አልኳቸው። ገጼም ላይ «ሞጣ ያላችሁ እሑድ ቤቴ ኑ» ብዬ ጻፍኩ። «እንመጣለን!» የሚለው መልስ ጎረፈ።

እሑድ እትዬ ጥሩዬ ድፎ ጋግረው፣ ከጎረቤት አግዳሚ ተውሰው ደረደሩልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በር በሩን እያየን ተቀመጥን። ማንም አልመጣም። «ቤቱ ጠፍቷቸው ይሆናል፤ ምልክቱን ነግረሻቸዋል?» አሉኝ። ስልኬን ከፍቼ መልሶቹን ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው። ሁሉም ልብ ልከዋል። «ቤትሽ የት ነው?» ያለች ግን አንዲት አልነበረችም።